የፀሐይን እሳት በምድር የለኩት ዊሊያም ፎውለር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በአሜሪካዋ ደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ከአንድ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ጥልቅ ዋሻ የወጣ ቁጥር የፊዚክስ ሊቃውንትን እንቅልፍ ነሣ። ከፀሐይ እምብርት ይመጣሉ ተብለው ከተሰሉት ረቂቅ ቅንጣቶች መካከል የተገኙት ከግማሽ በታች ነበሩ። አንድ የተሳሳተ ሰው የግድ መኖር ነበረበት። በዋሻው ውስጥ ቆጠራውን ያካሄዱት ይሆኑ? የፀሐይን ውስጣዊ ሙቀት በሒሳብ ያሰሉት ይሆኑ? ወይስ ሒሳቡ የቆመባቸውን የኒውክሌር ውሕደት ልኬቶች በቤተ ሙከራ ያዘጋጁት? በሦስተኛው ጥያቄ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህርና ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ዊሊያም ፎውለር ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊሊያም አልፍሬድ ፎውለር የተወለዱት ኦገስት 9 ቀን 1911 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ነው። አባታቸው የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። ፎውለር ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ላይማ ከተማ ተዛወረ። ላይማ የባቡር ከተማ ነበረች፤ በእንፋሎት የሚሠሩ ሎኮሞቲቮችን የሚያመርት ስመ ጥር ፋብሪካም ነበራት። በልጅነታቸው ከሐዲድ ዳር ቆመው ባቡር ሲመለከቱ መዋላቸው ዕድሜ ልካቸውን የዘለቀ ፍቅር አሳደረባቸው። በ1973 የሳይቤሪያን አቋራጭ ባቡር ተሳፍረው ከካባሮቭስክ እስከ ሞስኮ ተጉዘዋል። 60ኛ የልደት በዓላቸውን ሲያከብሩም የቀድሞ ተማሪዎቻቸውና ባልደረቦቻቸው የሰጧቸው ስጦታ በእውነተኛ እንፋሎት የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ስለ ሲሚንቶ አመራረት የጻፉት ድርሰት ተሸለመ። በዚሁ ምክንያት ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የመረጡት የሸክላና የሴራሚክ ምህንድስናን ነበር፤ ፊዚክስን ከቀመሱ በኋላ ግን ፊቱን አልመለሱም፣ ወደ ምህንድስና ፊዚክስ ተሻገሩ። ዘመኑ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ የብዙ ቤተሰብ ኪስ የተራቆተበት ነበር። ተማሪው ፎውለር ለመማሪያቸው የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በሴት ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ምግብ ያቀርባሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፣ የማሞቂያ ምድጃ ይቆሰቁሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በኮለምበስ ከተማ ገበያ የአሳማ ሥጋና አይብ እየቆረጡ ይሸጡ ነበር።

በ1933 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አቀኑ። የገቡበት ቤተ ሙከራ የተሠራበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ለአርሶ አደር አንባቢ ሳይነገር አይታለፍም። ኬሎግ የተባሉት ባለሀብት በቆሎን ጠፍጥፈውና ጠብሰው በካርቶን እያሸጉ በመሸጥ ነበር ሀብት ያካበቱት። ከዚያ የበቆሎ ገንዘብ ላይ ቆርሰው፣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራ ራጅ ካንሰርን ለማከም የሚያስችል ቤተ ሙከራ አሠሩ። ቤተ ሙከራውን የሚመሩት የዴንማርክ ተወላጁ ቻርልስ ላውሪትሰን ግን መሣሪያው ከሕክምና በተጨማሪ ሌላ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ቀድመው ተረድተው ነበር፤ የአቶምን እምብርት በሌላ እምብርት መምታት። ፎውለር በእሳቸው ሥር ሠልጥነው በ1936 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላም ያን ቤተ ሙከራ ለቅቀው አልሄዱም።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ነገር የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1939 ሃንስ ቤቴ የተባሉት ሊቅ ከዋክብት ኃይላቸውን የሚያገኙት ካርቦንና ናይትሮጅን በሚሳተፉበት የሃይድሮጅን ውሕደት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። በኬሎግ ቤተ ሙከራ ደግሞ ካርቦንና ናይትሮጅንን በሃይድሮጅን እምብርት፣ ማለትም በፕሮቶን፣ ይመቱ ነበር። ለካ ሳያውቁት የኮከብን ሥራ በጠረጴዛቸው ላይ እየሠሩ ኖረዋል። ጦርነቱ ግን መጣና ቤተ ሙከራው በሙሉ ወደ መሣሪያና ወደ ሮኬት ሥራ ዞረ። በ1946 ሰላም ሲሆን ብዙዎቹ የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ትላልቅና ኃይለኛ መሣሪያዎችን ለመገንባት ሲሽቀዳደሙ፣ ላውሪትሰንና ፎውለር ከዋክብት በሚያውቁት ዝቅተኛ ጉልበት ላይ ለመቅረት ወሰኑ። ያን ጊዜ ለዝና የማይመች ምርጫ ነበር።

ሥራው ከባድ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። የፀሐይ እምብርት ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ለሰው የማይታሰብ ትኩሳት ቢሆንም ለአቶም እምብርቶች ግን ትንሽ ጉልበት ነው። እምብርቶቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ግፊቱን አልፈው የሚዋሐዱት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ፀሐይ ይህ አይገዳትም፤ ብዛቷ ያካክስላታል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ባለች ጥቂት ጋዝ ላይ ግን ለወራት ቢጠበቅ አንድ ውሕደት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው እምብርቶቹን በማፍጠኛ መሣሪያ በፀሐይ ውስጥ ካላቸው ፍጥነት በላይ ያፈጥናቸውና ውሕደቱን ይቆጥራል። ከዚያ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ደጋግሞ ይቆጥራል። መቆጠር እስከሚያቅት ድረስ ከወረደ በኋላ የቀረውን በሒሳብ ይገምታል።

የምንጭ ውኃ ለሚለካ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በመስከረም፣ በኅዳርና በጥር ምንጩ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የመዘገበ ባለሙያ፣ ግንቦት ላይ ጠብታው ለመለኪያ ሲያንስ ምን ያህል እንደሚሆን ከአወራረዱ ሊገምት ይችላል። ግምቱ የሚከሽፈው ከመሬት በታች ያልታየ ሌላ ምንጭ የሚቀላቀል ከሆነ ነው። በአቶም እምብርቶች ዓለምም እንዲህ ያለ ድብቅ ምንጭ አለ። በአንድ በተወሰነ ጉልበት ላይ ውሕደቱ ባልታሰበ ሁኔታ ይበረታል፤ ሊቃውንቱ ይህን ሬዞናንስ ይሉታል። ከሥር ሬዞናንስ ተደብቆ ከሆነ፣ ከላይ የተለካው ሁሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ግምቱ ይሳሳታል።

ፎውለር የዚህን ድብቅ ምንጭ ነገር ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩትም። በ1953 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል ወደ ኬሎግ ቤተ ሙከራ መጥተው፣ በካርቦን እምብርት ውስጥ በዚህ ጉልበት ላይ ሬዞናንስ መኖር አለበት፣ አለዚያ ከዋክብት ካርቦን ሊያመርቱ አይችሉም ሲሉ ተከራከሩ። ፎውለር መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። የቤተ ሙከራው ባልደረባ ዋርድ ዌሊንግና ጓዶቻቸው ሲፈልጉት ግን ሆይል ባሉት ቦታ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ፎውለርና ሆይል የሥራ ወዳጆች ሆኑ፤ ከማርጋሬትና ከጄፍሪ በርቢጅ ጋር በመሆን በ1957 ከ100 ገጽ በላይ የሆነውን፣ በምድር ያሉ ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ እንዴት እንደተሠሩ የሚያስረዳውን ዝነኛ ጥናት አወጡ። በእርሻ ማሳ ያለው ካልሲየምና ብረት ከየት መጣ ለሚል ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ያ ጥናት ነው።

ይህን ሁሉ ግን በቀጥታ ሊያረጋግጥ የሚችል ሰው አልነበረም። የፀሐይን እምብርት ማን አይቶ? ብርሃኗ ከእምብርቷ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ገጽታዋ ለመድረስ እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጅበታል፤ በመንገዱም የመነሻውን ወሬ ሁሉ ይረሳል። ከእምብርቷ ቀጥታ የሚወጣ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ኒውትሪኖ። ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፣ ክብደቱም ከምንም አይቆጠርም፤ ድንጋይም ተራራም አያግደውም። በእያንዳንዱ ሰከንድ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ 60 ቢሊዮን የሚሆኑ የፀሐይ ኒውትሪኖዎች ያልፋሉ፤ አንዱም አይሰማንም። ይህን የሚያህል ወሬ ነጋሪ እንዴት ይያዛል?

በኒው ዮርክ ግዛት ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የሚሠሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ሬይመንድ ዴቪስ በክሎሪን ለመያዝ ያስቡ ነበር። አንድ ኒውትሪኖ የክሎሪንን እምብርት ሲመታ ክሎሪኑ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተለወጡትን ጥቂት አቶሞች ለቅሞ መቁጠር ነው። ችግሩ ክሎሪን ደካማ ኒውትሪኖዎችን አለመቀበሉ ነበር። ፀሐይ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም የምትለውጥበት መንገድ እንደ መስኖ ቦይ ቅርንጫፍ አለው፤ በዋናው ቦይ የሚወጡት ኒውትሪኖዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ደካሞች ናቸው። ሁለት ዓይነት የሂሊየም እምብርቶች ተዋሕደው ቤሪሊየም የሚሠሩበት፣ ከቤሪሊየሙም ጥቂቱ ወደ ቦሮን የሚለወጥበት የጎን ቦይ ግን ኃይለኛ ኒውትሪኖዎችን ይሰጣል። የጎን ቦዩ ከምንም አይቆጠርም ተብሎ ስለታሰበ ማንም ተስፋ አላደረገበትም ነበር።

በ1958 በዋሽንግተን የባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ሆልምግሬንና ጆንስተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሁለቱን ሂሊየሞች ውሕደት ሲለኩ ከተገመተው ከ1,000 ጊዜ በላይ በዝቶ አገኙት። ፎውለር ወሬውን እንደሰሙ ትርጉሙ ወዲያው ገባቸው፤ ካናዳዊው አልስቴር ካሜሮንም ለብቻቸው ደረሱበት። ሁለቱም ለዴቪስ አሳወቁ። በጎን ቦዩ ውኃ አለ፤ ኃይለኛ ኒውትሪኖዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ደስታው ግን አልቆየም። በ1960 የፎውለር ባልደረባ ራልፍ ካቫና ቤሪሊየም ወደ ቦሮን የሚለወጥበትን ፍጥነት ለክተው ትንሽ ሆኖ አገኙት። ዴቪስ በኦሃዮ ግዛት በኖራ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ የተከሉት ትንሽ መሣሪያም ምንም አላገኘም። ተስፋን የሰጠውም የነሳውም ያው ልኬት ነበር።

ፎውለር ግን ነገሩን አልተውትም። በ1962 ለኅትመት የቀረበ አንድ ጥናት እንዲገመግሙ ተሰጣቸው፤ ጸሐፊው ጆን ባህኮል የሚባል የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ፎውለር ወጣቱን ወደ ካሊፎርኒያ ጋበዙት፣ ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን ብዛት እንዲያሰላም አበረታቱት። በ1963 ባህኮል አንድ የተዘነጋ ነገር አገኘ። ክሎሪን ኃይለኛ ኒውትሪኖ ሲቀበል የሚወለደው አርጎን በተቀሰቀሰ ሁኔታ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ በር ከተቆጠረ የክሎሪን የመያዝ አቅም ለኃይለኞቹ ኒውትሪኖዎች 20 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የሙከራው ተስፋ ከሞት ተነሣ።

ይሁንና ስሌቱ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ኒውትሪኖ አምጥቶ ክሎሪን ላይ መተኮስ በዘመኑ አይቻልም። መፍትሔው እንደገና ከኒውክሌር ልኬት መጣ። ካልሲየም 37 የተባለ ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ አቶም አለ፤ ሲፈራርስ የሚከተለው መንገድ ክሎሪን ኒውትሪኖ ሲቀበል የሚሆነውን እንደ መስታወት ያሳያል። በ1964 ተመራማሪዎች ይህን አቶም በቤተ ሙከራ ሠርተው አፈራረሱን ሲለኩ ውጤቱ የባህኮልን ስሌት ደገፈ። አርሶ አደር እህሉን ከመስፈሩ በፊት ቁናው ትክክል መሆኑን እንደሚያረጋግጠው ሁሉ፣ የዴቪስ ወጥመድም ከመተከሉ በፊት የመያዝ አቅሙ ታወቀ። በዚያው ዓመት ዴቪስና ባህኮል ጥናቶቻቸውን ጎን ለጎን አሳተሙ፤ ለሙከራው ገንዘብ ይፈቀድ ዘንድ የፎውለር ድጋፍ ትልቅ ክብደት ነበረው።

ወጥመዱ የተተከለው ሊድ በተባለች የደቡብ ዳኮታ ከተማ፣ በሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ማውጫ፣ ከምድር ገጽ 1,480 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ጥልቀቱ ያስፈለገው ከጠፈር የሚዘንቡ ሌሎች ቅንጣቶች ቆጠራውን እንዳያበላሹ ነው። በጋኑ የተሞላው ልብስ ንጽሕና ቤቶች ያለ ውኃ ለማጠብ የሚጠቀሙበት፣ ክሎሪን የበዛበት ፈሳሽ ነበር፤ መጠኑም 380,000 ሊትር ያህል። ከዚህ ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ በቀን የሚጠበቀው አንድ ተኩል የአርጎን አቶም ብቻ ነው። ዴቪስ በየጥቂት ወሩ የሂሊየም ጋዝ በፈሳሹ ውስጥ እያሳለፉ አርጎኑን ለቅመው ያወጣሉ። የታወቀ መጠን ያለው አርጎን ራሳቸው ጨምረው መልሰው በማውጣትም የለቀማውን ትክክለኛነት ፈትነዋል። ፈተናውን አለፉ። ሆኖም የብዙ ዓመታት ቆጠራ የሰጠው ከሁለት ቀን አንድ አቶም ገደማ ነበር፤ ከተጠበቀው ሲሶው።

ጣቶች ወደየአቅጣጫው ተቀሰሩ። ፎውለር በዚህ ጊዜ የራሳቸውን ቤት ከመከላከል ይልቅ የመረጡት ሌላ ነገር ነው። በ1972 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ በዋናው ቦይ ላይ ባለው የሂሊየም 3 ውሕደት ሥር እስከ ዛሬ ካልተለካበት ጉልበት በታች ሬዞናንስ ተደብቆ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሁለት የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንትም ለብቻቸው ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ድብቁ ምንጭ ካለ ውኃው ሁሉ በዋናው ቦይ ይሄዳል፣ የጎን ቦዩ ይደርቃል፣ ኃይለኞቹ ኒውትሪኖዎችም ይጠፋሉ። ይህ ሐሳብ እውነት ቢሆን የሚወድቀው እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የደከሙበት ግምት ነው። ከ20 ዓመት በፊት ሆይል የካርቦንን ነገር ሲነግሯቸው ስላልተቀበሉ ዳግመኛ እንዳይታለሉ ፈልገው ይሆናል፤ በማንኛውም መልኩ በራስ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ክስ መክፈት ለአንድ የስድሳ ዓመት አዛውንት ቀላል አይደለም።

ክሱ ለክርክር ሳይሆን ለልኬት ነው የተመራው። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች የሂሊየሙን ውሕደት ወደ ዝቅተኛ ጉልበት እየወረዱ ለኩት፤ ሬዞናንሱ አልታየም፤ ግን ፀሐይ ያለችበት ጉልበት ላይ የደረሰ ሰው ስላልነበረ ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ፎውለር ከጆርጂያን ኮግላንና ከባርባራ ዚመርማን ጋር ሆነው በ1967 ያወጡትን የውሕደት ፍጥነቶች ሠንጠረዥ አዲስ ልኬት በተገኘ ቁጥር ያርሙት ነበር፤ የመጨረሻው እትም በ1988 ወጣ። በዓለም ዙሪያ ኮከብ የሚያሰላ ሁሉ የሚገለብጠው ያን ሠንጠረዥ ነበር።

በ1983 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማትን ከሱብራማንያን ቻንድራሴካር ጋር ተካፈሉ። ሆይል አለመካተታቸው ብዙዎችን ያሳዘነ ጉዳይ ነው፤ ቅሬታውም አግባብ አለው። ፎውለር ራሳቸው ለሽልማቱ ባዘጋጁት የሕይወት ታሪክ ሆይልን በሕይወታቸው ትልቅ ተጽዕኖ ካሳደሩ ሰዎች መካከል ቆጥረዋቸዋል።

የኋላ ዘመን ሙከራዎች ደካሞቹንም ኒውትሪኖዎች ሊይዝ በሚችለው በጋሊየም ላይ ተመሠረቱ። እዚህም የቁናው ጥያቄ ተነሣ፤ በ1985 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማፍጠኛ ጋሊየምን በፕሮቶን እየመቱ የሚወጡትን ኒውትሮኖች በመለካት የጋሊየምን የመያዝ አቅም መረመሩ። በ1992 ከኢጣሊያ ተራራ ሥር የወጣው የጋሊየም ውጤትም ጎደሎ ነበር፤ ከተጠበቀው 60 በመቶ ያህል። ጥፋቱ የአንድ ጋን ወይም የአንድ ሰው አለመሆኑ እየተገለጠ መጣ።

ፎውለር መልሱን አልሰሙም። ማርች 14 ቀን 1995 በ83 ዓመታቸው በፓሳዲና ከተማ አረፉ።

ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በኢጣሊያ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር በ1,400 ሜትር ድንጋይ ተጋርዶ የሚሠራ ሉና የተባለ ትንሽ ማፍጠኛ የሂሊየም 3ን ውሕደት ፀሐይ ራሷ በምትሠራበት ጉልበት ላይ የተለካ ውጤት ይፋ አደረገ። በመጨረሻው ዝቅተኛ ጉልበት የሚታየው ውሕደት በወር ሁለት ያህል ብቻ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ጠብቀው ቆጠሩት። ድብቅ ምንጭ አልነበረም። ፎውለር በ1972 የጠረጠሩት የቤታቸው ልኬት ከክሱ ነፃ ወጣ።

በ2001 እና በ2002 ደግሞ በካናዳ ሰድበሪ ከተማ ከኒኬል ማዕድን ማውጫ ሥር 1,000 ቶን ከባድ ውኃ የያዘው መሣሪያ ቀሪውን ገለጠው። ከፀሐይ የሚነሡት ኒውትሪኖዎች ሙሉ ነበሩ፤ በመንገድ ላይ ግን ዓይነታቸውን ይቀይራሉ፣ ክሎሪን ደግሞ የሚያውቀው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። ዴቪስ በትክክል ቆጥረዋል፣ ባህኮል በትክክል አስልቷል፣ ፎውለርና ባልደረቦቻቸውም በትክክል ለክተዋል። ያልታወቀው የኒውትሪኖ ጠባይ ነበር። ዴቪስ በ2002 በ88 ዓመታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የሆምስቴክ ማዕድን ማውጫ ወርቅ ማውጣት አቁሞ የምርምር ቦታ ሆኗል። የዴቪስ ጋን በነበረበት በዚያው ጥልቀት ካስፓር የተባለ አነስተኛ ማፍጠኛ ተተክሎ፣ በከዋክብት ውስጥ የሚካሄዱ የኒውክሌር ውሕደቶችን ለክቶበታል።